አቶ ያየህና የግራር ሜዳ ቃሬዛ

ከብቸና ወደ ሞጣ ሲኬድ፣ ከተማው ከዓይን ሳይጠፋ ወደ ግራ የምትታጠፍ ጠባብ መንገድ አለች። እሷን ይዞ ሁለት ሰዓት ያህል በእግሩ የተጓዘ ሰው ግራር ሜዳ ይደርሳል። ዛሬ ስሟን የሚያነሣ ብዙ ሰው የለም። ደርግ ወርዶ ጥቂት ዓመታት እንዳለፉ ግን፣ በዚያ አካባቢ ካሉት የገጠር መንደሮች መኪና ያላት እሷ ብቻ ነበረች። መኪናዋም የአቶ ያየህ ነበረች።

አቶ ያየህ ልብስ ሰፊ ነበሩ። ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ሲስቁ አፋቸውን በእጃቸው የሚሸፍኑ ሰው። የሰፉት ኮት ጨርቁ ነትቦ እንኳ ስፌቱ አይተረተርም ነበር። ባለቤታቸው ወይዘሮ ወለተ ኢየሱስ የሞጣ ልጅ ናቸው። ባልና ሚስቱ ከተጋቡ ጀምሮ አንድ ሐሳብ ነበራቸው፤ ግራር ሜዳን ለቅቀው ሞጣ መግባት፣ ከገበያው ዳር ሱቅ መክፈት። መኪና ለመግዛት የተነሡትም ለዚሁ ነው። መጀመሪያ ልብስ እየጫኑ ሞጣ ገበያ ይሸጣሉ፤ ደንበኛ ሲበረክት ቤቱን ጠቅልለው በዚያችው መኪና ይሄዳሉ።

መኪናዋን ያገኟት ሞጣ ነው፣ ጨርቅ ከሚገዙበት ከነጋዴው ከአቶ ከማሉዲን ግቢ። አረንጓዴ ላንድሮቨር ነች፤ ከኋላዋ ሸራ ለብሳለች። አቶ ያየህ የብቸናውን መካኒክ የኔሰውን ይዘው ሄዱ። የኔሰው እንደ በቅሎ ገዢ ዞር ዞር ብሎ አያት፤ ጎማዋን ረገጠ፤ ከሥሯ ገብቶ ተንጋለለ። ሲወጣ ግንባሩ ዘይት በዘይት ነበር።

«እህስ?» አሉ አቶ ያየህ።

«ሞተሯ ደግ ነው፣ ጋሽ ያየህ። ከሥር ጭነት የሚሸከምላት ባሌስትራዋ ተሰብሮ በሽቦ ታስሯል። ማርሽ ሲቀየር የሚረገጠው ፍሪሲዮኗ ሊያልቅ ነው። ሞተሪኖዋ ግን ሞቷል።»

«ሞተሪኖ ደግሞ ምንድን ነው?»

«ቁልፍ ሲያዞሩ ሞተሩን የሚያስነሣው ነዋ። እሱ ከሌለ ወይ ሰው ይገፋታል፤ ወይ ቁልቁለት ላይ ያቆሟትና ስትንደረደር ማርሽ ያስገቡላታል።»

«ቁልቁለት እንደሆነ በጎጃም አይጠፋም!» አሉ አቶ ከማሉዲን እየሳቁ።

አቶ ያየህ ግን ልባቸው አላረፈም። «ደግ ከሆነች ለምን ትሸጣታለህ?» አሏቸው።

አቶ ከማሉዲን ጢማቸውን ዳበስ ዳበስ አደረጉ። «እውነቱን ልንገርህ፣ ያየህ። እኔ ጠልቻት አይደለም፤ ጎረቤቶቼ ስለወደዷት ነው። ሠርግ ሲሆን ከማሉዲን፤ ቀብር ሲሆን ከማሉዲን። አሁን ዕቃዬን በኪራይ አስጭናለሁ። አረፍኩ።»

አቶ ያየህ አፋቸውን ሸፍነው ሳቁ። ቀልድ መስሏቸዋል። በሬዎቻቸውን ሸጠው ላንድሮቨሯን ገዙ፤ ደብረ ማርቆስ ተመላልሰውም መንጃ ፈቃድ አወጡ።

እዚህ ላይ ስለ ቃሬዛው መናገር ያስፈልጋል። ግራር ሜዳ የቃሬዛ ማኅበር ነበራት። ሰው ሲታመም ጡሩምባ ይነፋል፤ ከየቤቱ አንድ አንድ ወንድ ይወጣል፤ ሕመምተኛው ከሁለት የባሕር ዛፍ አግዳሚና ከጠፍር በተሠራው ቃሬዛ ላይ ተኝቶ፣ ብቸና ጤና ጣቢያ ድረስ በትከሻ ይወሰዳል። አራት ሰው ይሸከማል፤ የቀረው ከጎን ከጎን ይሄዳል። የማኅበሩ ዳኛ አቶ ኃይለ ሚካኤል «ትከሻ!» ብለው ሲጣሩ፣ ከጎን ያለው ገባ ብሎ ይቀበላል። ቃሬዛው ግን አይቆምም፤ መሬትም አይነካም። ሕመምተኛ የያዘ ቃሬዛ መሬት ከነካ ደግ አይደለም ይባል ነበር። አካሄዱም ልምድ ይጠይቃል፤ እግር ከእግር ካልገጠመ ሕመምተኛው ይናጣል። ወጣቱ ይህን የሚማረው በሌላ መንገድ አልነበረም፤ እየተሸከመ ነው።

ላንድሮቨሯ ግራር ሜዳ የገባች ዕለት መንደሩ ሁሉ ወጥቶ ተቀበላት። ቄሱ ጸሎት አድርሰው ጠበል ረጩባት። ጠላ ተቀድቶ፣ ጨዋታው ደርቶ ሳለ ያ ዝምተኛ ሰው ብድግ አሉ። ምን እንዳናገራቸው እግዚአብሔር ይወቅ።

«ከዛሬ ጀምሮ ትከሻችሁ ይረፍ!» አሉ። «ሰው ሲታመም እኔ አለሁ!»

እልልታው ቀለጠ። አቶ ኃይለ ሚካኤል በትራቸውን ተመርኩዘው ተነሡ። «ሰማችሁ? ጠበል በተረጨበት የተነገረ ቃል ነው። በሉ መርቁት!» ሰዉም መረቀ። የቃሬዛው አግዳሚዎች እዚያው ለመኪናዋ መጠለያ ምሰሶ ሆኑ፤ ጠፍሩን ገበሬዎቹ ለቀንበር ማሰሪያ ተካፈሉት። ማኅበሩም በዚያው ዕለት ተበተነ። ወይዘሮ ወለተ ኢየሱስ ብቻ ከጓዳ ሆነው «ምን አልክ? አንተ፣ ምን አልክ?» ይሉ ነበር። በእልልታው መካከል የሰማቸው የለም።

ከዚያ በኋላ የመጡት ዓመታት እርስ በርስ ይመሳሰላሉ። አቶ ያየህ ለሞጣ ገበያ ልብስ ጭነው ሸራውን ሲያስሩ አንድ ሰው እየሮጠ ይደርሳል።

«ጋሽ ያየህ! እናቴ ራሷን ሳተች!»

ልብሱ ይወርዳል፤ እናት ትጫናለች። ከብቸና ሲመለሱ የሞጣ ገበያ ተበትኗል። በሚቀጥለው ገበያ ምጥ ይሆናል፤ በሌላው ከዛፍ የወደቀ ሰው። ቀስ በቀስም ጥሪው ከሕመም አለፈ። ሙሽራ ማምጣት መጣ፤ ደብረ ወርቅ ለንግሥ የሚሄዱ አሮጊቶች መጡ። አንድ ቀን ጥርሱን ያመመው ጎረምሳ መጥቶ የፊቱ ወንበር ላይ ተደላድሎ ተቀመጠ።

«አንተ፣ እግርህን አላመመህ! በእግርህ አትሄድም?» ቢሉት፣

«ጋሽ ያየህ፣ ያን ዕለት ሲናገሩ የትኛው ሕመም እንደሆነ አልለዩም እኮ፣» አላቸው። ወሰዱት።

መኪናዋም በበኩሏ አላረፈችም። የክረምቱ ጥቁር ጭቃ ፍሪሲዮኗን ጨረሰ። ራዲያተሯ አፈሰሰ። ጎማዋ በእሾህ ተበሳ፣ ተለጠፈ፣ እንደገና ተበሳ። አቶ ያየህ ከስፌቱ የሚያገኙት ሁሉ የኔሰው ጋራዥ ይገባ ነበር።

«ጋሽ ያየህ፣» ይላቸዋል የኔሰው ከመኪናዋ ሥር ሆኖ፣ «እርስዎ መኪና አለኝ ይላሉ እንጂ ያለዎት መለዋወጫ ነው። እሱም ገና አዲስ አበባ ነው ያለው።»

መለዋወጫው እስኪመጣ መኪናዋ ጋራዥ ስትከርም፣ የግራር ሜዳ ሰው «መኪናችን መቼ ትወጣለች?» እያለ ይጠይቃቸው ጀመር። መኪናችን! አቶ ያየህ ዘመድ ለመጠየቅ ርቀው መሄድ ተዉ። ለቅሶ ሄደው ከማደራቸው በፊት ሰው ይላክባቸዋል። ሌሊት ሲተኙ ላንድሮቨሯ ከደጃፉ ቁልቁለት ላይ አፍንጫዋን ወደ ታች አድርጋ ትቆማለች፤ እሳቸውም ጆሯቸውን ወደ በሩ አድርገው ይተኛሉ። የስፌት መኪናው አቧራ ለበሰ።

በዘጠና አምስት ዓመተ ምሕረት ክረምት አቶ ከማሉዲን ከሞጣ ላኩባቸው። ከእሳቸው ሱቅ አጠገብ ያለው ሱቅ ተለቋል፤ ፈላጊው ብዙ ነው፤ ለያየህ ብለው እስከ መስቀል ያቆዩታል፤ ከዚያ ወዲያ አይችሉም። ወይዘሮ ወለተ ኢየሱስ መልእክቱን እንደሰሙ የልብስ ሳጥናቸውን በገመድ አሰሩ።

«ዘንድሮ ካልሄድን መቼም አንሄድም፣» አሉ። «እኔ እዚህ ሰው ስሸኝ አርጅቻለሁ።»

አቶ ያየህ ወደ አቶ ኃይለ ሚካኤል ቤት ሄዱ።

«እኔ ልሄድ ነው፣ ጋሼ። መኪናዋን ለመንደሩ እተዋታለሁ፤ ዕቃዬን ካደረሰችልኝ በኋላ ትመለስ።»

«ማን ይነዳታል?»

«ወጣቶቹ ይማሩ። እኔ አስተምራለሁ።»

«የሚያርሰው ልጅ ሞፈሩን ጥሎ መንጃ ፈቃድ የሚያወጣው መቼ ነው? ስትሰበርስ ጠባይዋን የሚያውቅ ማን አለ? አንተ እንኳ ዓመት ሙሉ ስትታገላት ነው የምናይህ።»

«እንግዲያው ቃሬዛው ይመለስ።»

ሽማግሌው ቁጣ አልነበራቸውም፤ ያዘኑ ይመስሉ ነበር። «ማን ይሸከመዋል? እኛ አርጅተናል። ልጆቹ ትከሻ መቀበል አያውቁም። ማኅበሩን ያፈረስነው አንተን አምነን ነው፣ ያየህ።»

አቶ ያየህ ግን ተስፋ አልቆረጡም። ራሳቸው ባሕር ዛፍ ቆረጡ፤ ላጡ፤ አቃኑ። ከመኪናዋ አሮጌ ሸራ ቀድደው፣ የስፌት መኪናውን አቧራ አራግፈው፣ በድርብ ሰፉት። ያማረ ቃሬዛ ወጣው። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰው በተሰበሰበበት አምጥተው አቆሙት።

ማንም አልተጠጋውም። በግራር ሜዳ የታመመ ሳይኖር ቃሬዛ ማንሣት ሟርት ነው፤ አቶ ያየህ ይህን ያውቁ ነበር፤ ጭንቀቱ አስረስቷቸው ይሆናል።

«ውሰደው እባክህ፣» አሉ አንዲት ባልቴት ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው እየሳቡ። «በማን ላይ ልታሟርት ነው?»

ቃሬዛውን ብቻቸውን ጎትተው ቤታቸው ወሰዱት፤ ከግድግዳው ጋር አስደግፈው ተዉት።

ነሐሴ ሲጋመስ አቶ ያየህን ታይፎይድ ጣላቸው። ትኩሳቱ አናታቸው ላይ ወጥቶ መቃዠት ሲጀምሩ፣ ወይዘሮ ወለተ ኢየሱስ ወጥተው ጮኹ። ከስንት ዓመት በኋላ ጡሩምባ ተነፋ። ወንዶቹ መጥተው እንደለመዱት መኪናዋን ከበቡ።

«ግፏት እንጂ! ምን ትጠብቃላችሁ?» አለ አንዱ።

«ነጂው እኮ ነው የታመመው፣ አንተ ጅል!» አለው ሌላው።

ከዚያ ዓይናቸው ከግድግዳው ጋር ወደቆመው ቃሬዛ ዞረ።

እንዴት እንደተሸከሟቸው ይነገራል። አንዱ ሲረዝም አንዱ ሲያጥር፣ ቃሬዛው ያዘነብላል። አቶ ኃይለ ሚካኤል በዚያ እርጅና በትራቸውን ይዘው ከጎን እየሮጡ «ትከሻ!» ሲሉ፣ ሁለት ሰው በአንድ ወገን ይገባል፤ በሌላው ማንም የለም። በመንገዱ ያለውን ወንዝ ሳይሻገሩ ቃሬዛው ጭቃ ላይ አረፈ። ሴቶቹ «ኧረ መሬት ነካ!» ብለው አለቀሱ። ሽማግሌው ተሳደቡ፣ ለመኑ፣ እንደገና አስነሡ።

ከወንዙ ወዲያ አቀበቱ ላይ ግን አንድ ነገር ሆነ። እግር ከእግር ገጠመ። «ትከሻ!» ሲባል የሚገባው ገባ፤ የሚወጣው ወጣ። አቶ ያየህ በጋቢያቸው ውስጥ ሆነው የእርምጃውን ድምፅ ሰሙ። ያን ድምፅ በወጣትነታቸው ያውቁታል።

«ይችላሉ፣» አሉ በልባቸው። «አሁንስ ይችላሉ። ልሄድ ነው።»

እንባቸው ወረደ። የተሸከሟቸው ሰዎች ከትኩሳቱ መሰላቸው።

ብቸና ተኝተው ቆይተው፣ መስቀል ሊደርስ ጥቂት ቀን ሲቀረው ተሻላቸው። ወይዘሮ ወለተ ኢየሱስ ቀድመው ግራር ሜዳ ተመልሰው፣ ሳጥኑንና የስፌት መኪናውን ላንድሮቨሯ ላይ አስጭነው ነበር። አቶ ያየህ በተዋሱት በቅሎ መንደር ሲደርሱ፣ ደጃቸው በሰው ተሞልቷል። ወጣቶቹ ትከሻቸውን እየገለጡ አሳዩአቸው።

«ጋሽ ያየህ፣ ቀጭን ይመስሉን ነበር እኮ!»

«የኔማ ትከሻ እስካሁን እንዳበጠ ነው!»

አቶ ያየህ ከበቅሎው ሳይወርዱ ፈገግ አሉ። «እግራችሁ ግን ገጠመ። ተኝቼ ሰምቼዋለሁ። ከእንግዲህ እኔ አላስፈልጋችሁም።»

ወጣቶቹ ወደ አቶ ኃይለ ሚካኤል ተመለከቱ።

«ባንቺዓለም ምጥ ይዟታል፣» አሉ ሽማግሌው። ባንቺዓለም ከአጥሩ ወዲያ ያለች ጎረቤት ናት፤ የመጀመሪያ ልጇ ነው።

«መቼ ያዛት?»

«ትናንት።»

«ትናንት! ቃሬዛው እዚህ ቆሞ?»

አቶ ኃይለ ሚካኤል ግራ የገባቸው ይመስል ነበር፤ ጥያቄው ራሱ የገረማቸው። «ዛሬ እንደምትመጣ ሰማንና ጠበቅንህ።»

አቶ ያየህ ቃሬዛውን አዩት። እሳቸውን ሲወስዱ የነካው ጭቃ ሸራው ላይ ደርቋል፤ መልሰው ካቆሙት ወዲህ እጅ አላረፈበትም። ከአጥሩ ወዲያ የባንቺዓለም ድምፅ ይሰማል፤ ጩኸት አይደለም፤ ለጩኸት አቅም ያጣ ሰው ድምፅ ነው።

«ገና አልዳነም!» አሉ ወይዘሮ ወለተ ኢየሱስ። «መቆም አይችልም፤ አታዩትም?»

«ቁጭ ብሎ እኮ ነው የሚነዳ፣ እትዬ፣» አለ አንዱ ወጣት። ክፋት አልነበረውም።

ሁለት ሰዎች ከበቅሎው አወረዷቸው። እንደ ሕፃን ደግፈው ወስደው መሪው ፊት አስቀመጧቸው። አቶ ያየህ ማርሹን ያዙ። ከኋላ ለባንቺዓለም ቦታ ጠፋ።

ወይዘሮ ወለተ ኢየሱስ የተጫነውን ሳጥን አዩት። ከዚያ ራሳቸው መኪናዋ ላይ ወጥተው የሳጥኑን ገመድ ያዙ።

«ቀስ አድርጋችሁ አውርዱት፣» አሉ ወጣቶቹን። «የስፌት መኪናውንም።»

«የት እናድርገው፣ እትዬ? እዚሁ ደጅ ይቆይ?»

«አይ። ዝናብ ይመታዋል። ወደ ቤት አስገቡት።»

ባንቺዓለምን አምጥተው አስተኟት። ወይዘሮ ወለተ ኢየሱስ ራሷን በጭናቸው ላይ አድርገው አጠገቧ ተቀመጡ። ወንዶቹ ከኋላ ሆነው ገፉ።