የአቀስታው መካኒክ

በ2003 ክረምት ሚኒባሳችን አቀስታ መግቢያ ላይ ሞተሩ ጠፍቶ ቆመ። ሹፌሩ ያስጠራው መካኒክ ያረጀ ጋቢ ደርቦ መጣ። ባትሪው በብርድ እንዳይደክም በብብቱ የያዘውን የኤሌክትሪክ መለኪያ፣ መልቲሜትሩን፣ አወጣና የሽቦዎቹን ጫፍ የሞተሩን ሁኔታ በሚከታተሉት ሴንሰሮች ላይ እያሳረፈ ቁጥሩን አነበበ።

«የሞተው ይሄ ነው» አለ አንዱን ነቅሎ፤ በቦታውም ሌላ ገጠመ።

«ማሻአላህ! ወንድሜ፣ የት ተማርከው?» አልኩት።

«ባለቤቴ ምጥ ጠንቶባት ከወግዲ ወደ ሆስፒታል ስንወስዳት መኪናው እንዲሁ ቆመብን። ምኑ እንደተበላሸ የሚያውቅ ሰው ጠፋ። እጄ ላይ አለፈች። ከዚያ በኋላ ነው የተማርኩት።»

ሞተሩ ሲነሳ ተሳፋሪው ሁሉ አጨበጨበ። እሱ ግን በመስኮት አጎንብሶ፣ «የታመመ ሰው ይዛችኋል?» ሲል ጠየቀን።

«የለም» አልነው።

«አልሐምዱሊላህ» አለና ፊቱን በጋቢው ሸፈነ።