ካፉሪ ሰርግ ላይ ብሉዝ ስዘፍን

ብሉዝ ለምን እንደምወድ አትጠይቁኝ። ዘፋኙ «ሚስቴ ጥላኝ ሄደች» እያለ ሲያለቅስ፣ ሚስት እንኳ የሌለኝ እኔ በደስታ እሞታለሁ። ካርቱም የቀን ሥራ እየሠራሁ ስኖር ጀሪፍ ሰፈር ውስጥ ያሲን የሚባል ጎረቤት ነበረኝ፤ እናቱ ሀበሻ፣ አባቱ ሱዳናዊ። ሲመሽ እሱ ጊታሩን ይመታል፣ እኔ በአማርኛ አንጎራጉራለሁ።

አንድ ከሰዓት ካፉሪ በሚባለው የካርቱም የሀብታሞች ሰፈር፣ ሰርግ ላይ ውሃ እንዳድል ተቀጠርኩ። ጊታር የሚመታው ያሲን ነበር። የሰርጉ ዘፋኝ ሳይመጣ ሲቀርበት «ያላ፣ አንተ ና!» ብሎ መድረክ ላይ ጎተተኝ። የማውቀው ደግሞ ብሉዝ ብቻ ነው፤ እስቲ አስቡት፣ በሰርግ ቀን ፍቅረኛው ጥላው የሄደች ሰው እንጉርጉሮ! አለቀልኝ ብዬ ጀመርኩ።

ገና ሁለተኛውን ስንኝ ሳልጨርስ የሙሽራው አጎት ነጭ ጥምጣማቸውን እያስተካከሉ መጡና፣ ልክ አሳላፊ እንደሚጠራ ሰው ከአናቴ በላይ ጣታቸውን እያጮሁ ቀጭ ቀጭ አደረጉ። ውሃ ፈልገው ነው ብዬ ዘፈኑን አቋርጬ በሩጫ አመጣሁላቸው። ግራ ገባቸው፤ ግን ጠጡ። ተመልሼ ስጀምር ሌላ ሽማግሌ መጥተው ቀጭ! አሁንም ሮጥኩ። ሦስተኛው ሲመጡማ ጠርሙሱን ብብቴ ሥር ይዤ ነበር የምዘፍነው።

ያሲን በሳቅ ጊታሩ ላይ ተደፋ። «አንተ፣ እዚህ አገር እኮ ዘፋኝ ሲያስደስታቸው ነው እንዲህ የሚያደርጉት!»

አፍሬ ጠርሙሱን ከጀርባዬ ደበቅኩ። ይሄኔ አጎትየው ባዶ ጠርሙሳቸውን እያወዛወዙ በዓረብኛ ጮኹብኝ፦

«ያ ሀበሺ፣ ውሃውስ ይበቃናል፤ ሀዘኑን ጨምርልን!»