ጅራፍ የተከለከለበት እሑድ

በ1960 ዓ.ም. ዱብቲ ውስጥ ወፍ የሚጠላ ሰው አሳዩኝ የሚል ቢመጣ፣ ሕፃን ሳይቀር ጣቱን ወደ ኡምሰልማ ይቀስር ነበር። ብትጠላስ ምን ይፈረድባታል? እንጀራዋ ወፍ ማባረር ነው። የጥጥ እርሻው ድርጅት ለሙከራ ብሎ የዘራው ማሽላ ነበረው፤ እሷ ማማ ላይ ቆማ ከጎህ እስከ ምሽት በወንጭፍና በጅራፍ ስትጠብቅ ትውላለች። የቃሉ ወሎዬ ናት። ጅራፏን ስታጮኸው የትራክተር ነጂዎቹ እንኳ ዞር ብለው ያያሉ። አፏም ከጅራፏ አይተናነስም፤ ደሞዝ ከፋዩ ራሱ እሷ ፊት ሲደርስ ድምፁን ዝቅ ያደርግ ነበር።

ሰው ሁሉ ቁጣዋን እንጂ የሚያንገበግባትን ነገር አያውቅም። ሀምዳ የምትባል የስምንት ዓመት ልጇ ባቲ፣ እህቷ ዘንድ ናት። እህትየው ክፉ አይደለችም፤ ግን ቁርጡን ነግራታለች፦ “የዓመት ቀለብ ቤትሽ ሲገባ ልጅሽን እሰድልሻለሁ። ባዶ ጎጆ ውስጥ አልጥላትም።” ስለዚህ ኡምሰልማ ከቦዩ መጨረሻ፣ ረግረጉ ዳር፣ ድርጅቱ ለጥጥ አይሆንም ብሎ የተወውን ቁራሽ መሬት በእጇ መንጥራ የራሷን ማሽላ ዘራች። በዚያ ዓመት ያዘላት። በጥር ዛላው ከብዶት አንገቱን ደፋ። በዓይኗ እየለካች የዓመት ቀለብ ነው አለች፤ ሊቆረጥ የቀረው ጥቂት ቀን ነበር።

ቅዳሜ አመሻሽ ላይ ሁመድ የሚባል አፋር ግመሎቹን እየነዳ በማማው ሥር አለፈ። ማለፍ እንኳ አላለፈም፤ አፋር ሰው ሲያገኝ ያየውንና የሰማውን ሁሉ ሳይነግርና ሳይጠይቅ አይሄድም፤ ዳጉ ይሉታል። ስለ ውኃው፣ ስለ ሣሩ፣ ስለ ታመመች ግመል ካወራት በኋላ፣ “ግሪሳ መጣ” አላት። “ትላንት አፋምቦ ደንገሉ ላይ አደረ። ብዙ ነው። ነገ እዚህ ነው።”

ኡምሰልማ ከማማው ወርዳ በቀጥታ ወደ ድርጅቱ ጸሐፊ ወደ አቶ አምባዬ ቤት ሄደች። አምባዬ ከደጋ የመጣ፣ ሸሚዙ በዚያ ሐሩር እንኳ እስከ አንገቱ የሚቆለፍ፣ ፈረንጅኛ የሚችል ሰው ነው።

“አቶ አምባዬ፣ ነገ ማሽላዬን ልቁረጥ። ግሪሳ እየመጣ ነው፤ ይፍቀዱልኝ።”

“ነገማ ሥራ አለሽ። ከአዲስ አበባ እንግዶች መጥተዋል፤ ረግረጉ ላይ ወፍ ሊያዩ። መንገዱን ካንቺ በላይ የሚያውቅ የለም፤ ትመሪያቸዋለሽ።”

“ወፍ ሊያዩ? ኧረ በአላህ! ወፍ ምኑ ይታያል?”

“ከብርድ አገር የሚመጡ አሉ አሉ፤ እሱን ነው። ደግሞ ስሚኝ፤ ነገ ጅራፍ የለም፣ ወንጭፍ የለም፣ ጩኸት የለም። ማማ ላይ የሚወጣም የለም። ከቀረሽ ደግሞ ሰኞ አትምጪ፤ ያቺንም ቁራሽ መሬት እርሺያት።”

ኡምሰልማ ጥርሷን ነክሳ ወጣች። ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ የሚባል በዓይኗ አልዞረም። ጠዋት ስትነሣ ግን ጅራፏን ወገቧ ላይ ጠምጥማ ነጠላዋን ደረበችበት። ያለ ጅራፍ ወጥታ አታውቅም።

እንግዶቹ ሦስት ፈረንጆች ነበሩ፤ አንዲት አሮጊት፣ ባሏና ፎቶ አንሺ። አምባዬም አስተርጓሚ ሆኖ አብሯቸው ወጣ። አሮጊቷ ደግ ናት፤ ጭቃው ላይ ስትንሸራተት የኡምሰልማን ክንድ ይዛ ትስቃለች። ደንገሉ ዳር ሲደርሱ የሩቅ መነጽሯን አውልቃ ኡምሰልማ ዓይን ላይ አደረገችላት። አንዲት ዳክዬ አንገቷ አረንጓዴ ሆኖ ሲያብረቀርቅ ታየቻት። ታምራለች። ይህ ደግሞ ይበልጥ አናደዳት። ጎህ ሳይቀድ ተነሥቶ ሲያባርር የሚውል ሰው ወፍ ማማሩን የሚያይበት ጊዜ ከየት ያመጣል?

ፀሐይ ሞቅ ሲል ግሪሳው መጣ። በአፋምቦ በኩል እንደ ጭስ ተነሥቶ፣ ተጣጥፎ፣ ተዘርግቶ፣ ሰማዩን አጠቆረው። ፈረንጆቹ አፋቸውን ከፍተው ቀሩ። ደመናው አንዴ ረግረጉን ዞረና የኡምሰልማ ማሽላ ላይ ተደፋ። አገዳው ከክብደቱ ተንቀጠቀጠ። የሚሰማው የእህል መሰበር ድምፅ ብቻ ነበር፤ ቀጭን፣ የማያቋርጥ ቀጨጭ ቀጨጭ።

“አቶ አምባዬ፣ ይንገሩልኝ” አለች። “የልጄን ቀለብ እየበላ ነው ይበሏቸው። አንዴ ላባርረው፤ እነሱም ሰው ናቸው፣ ይገባቸዋል።”

አምባዬ ጉሮሮውን ጠርጎ አንድ ሁለት ቃል ተናገረ። አሮጊቷ ፈገግ አለችና እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ኡምሰልማን በፍቅር አየቻት። ኡምሰልማ ደሟ ፈላ። የልጅ ቀለብ ተበላ ሲባል የሚስቅ ሰው የለም።

“ምን አልካቸው?” አለችው፤ እርስዎ ማለቱ ያን ጊዜ አበቃ።

“ወፎቹ ደስ ይሏታል አልኳቸው። እንግዳ ፊት አታዋርጂኝ፤ ዝም በይ።”

ነጠላዋን ጭቃው ላይ ወረወረችው። ጅራፉ ከወገቧ ተፈትቶ አየሩን ሲሰነጥቅ አምባዬ ጆሮውን ይዞ ተቀመጠ። ግሪሳው በአንዴ ተነሣ፤ ዳክዬው፣ ሽመላው፣ ከብርድ አገር የመጣውም ያልመጣውም ተከትሎት ተነሣ። ረግረጉ ባዶ ቀረ። ፈረንጆቹ መጀመሪያ ደነገጡ፤ ቀጥሎ አጨበጨቡ።

አምባዬ ጭቃውን ከሱሪው እያራገፈ ተነሥቶ ተጠጋት። “እግዜር አውጥቶሻል፤ ወደዱት! ፎቶ አንሺው ግን ሳያነሣው አመለጠው። ዝም በይና ወፎቹ እንደገና ይረፉ፣ ከዚያ እንደገና አስነሺልን ነው የሚሉት።”

“ይረፉ?” አለች። “የት ነው የሚያርፉት? ንገራቸው እንጂ! የት?”

መልሱን አልጠበቀችም። ማሽላዋ መካከል ገብታ ጅራፏን ታጮኸው ጀመር። ግሪሳው ዞሮ በመጣ ቁጥር ታጮኸዋለች። አምባዬ ከዳር ሆኖ ለመነ፣ ዛተ፣ ሰደበ፤ ዘወር ብላም አላየችው። አሮጊቷ ብቻ ቆይታ ቆይታ መነጽሯን ወደ አገዳው አዞረች፤ የተላጨውን ዛላ አየችና ማጨብጨቧን ተወች። ፈረንጆቹ ወደ መኪናቸው ሲመለሱ ጅራፉ ገና ይጮህ ነበር።

ሰኞ ሥራ አልነበራትም። መሬቱንም ልቀቂ ተባለች። የተረፈውን ዛላ ስትቆርጠው አናት አናቱ ባዶ ነበር፤ ለዓመት የተባለው እህል ለግማሽ ዓመትም መድረሱ ያጠራጥራል። አምባዬን የሰደበችውን ስድብ እዚህ መድገም አይቻልም፤ ዱብቲ ግን ለረጅም ጊዜ ደግሞታል።

ከዚያ ወደ ባቲ የሚሄድ የከባድ መኪና ሾፌር አስቁማ ለእህቷ መልእክት ሰደደች፦

“የዓመት ቀለብ አልሞላም። እስኪሞላ ብጠብቅ ልጄ ሳላያት ታድጋለች። ላኪልኝ። ያለውን አብረን እንበላለን፤ ሲያልቅ አብረን እንጮሃለን።”