ቦክሰኛዋና የዶቃው እቶን

ቦክሰኛዋ የሚለውን ስም ያወጡላት የዶቃው ቤት ሴቶች አይደሉም፤ ይዛው ነው የመጣችው። ከልጅነቷ ጀምሮ እጇ ከአፏ ይቀድማል። ሌላው ሰው ተሳድቦ፣ ተኳርፎ፣ ሽማግሌ ጠርቶ የሚጨርሰውን ነገር እሷ በአንድ ቡጢ ትጨርሰዋለች። ተማሪ ሳለች አንድ ልጅ ጸጉሯን ቢጎትታት የፊት ጥርሱን አወለቀችለት። ካደገች በኋላ ደግሞ የውሃ ወረፋዋን የነጠቀቻትን ሴትዮ በገዛ ጀሪካኗ አናቷን ብላ ጣለቻት። ባልም አግብታ ነበር። አንድ ቀን በጥፊ ሲላት መለሰችለት፤ ሌላ ቀን ሲሞክር ክንዱን ሰብራ፣ ልብሷን በአንሶላ ጠቅልላ ወጣች። ዛሬም ስለሱ ሲነሳ «ደህና ሰው ነበር፤ ክንዱ ግን ቀጭን ነው» ትላለች።

እንግዲህ እንዲህ ያለችውን ሴት ማን ይቀጥራታል? ልብስ ስፌት ቤት ገባች፤ ተቆጣጣሪው መቀመጫዋን ቸብ ቢያደርጋት በጋለ ካውያ ግቢውን አዞረችው። ዳቦ ቤት ገባች፤ እዚያ ምን እንደተፈጠረ በውል ባይታወቅም ጋጋሪው ለብዙ ጊዜ አንገቱን ማዞር አቅቶት ነበር ይባላል። በመጨረሻ እትዬ ጋ ደረሰች። እትዬ ባላቸው ሲሞት የተወላቸውን ጋራዥ አጽድተው፣ ሰው የጣለውን ጠርሙስ ዶቃ የሚያደርጉ ሴቶች ሰብስበው የሚያሠሩ፣ ድምፃቸው ከፍ ብሎ የማያውቅ ሴት ናቸው።

«ሰው መምታት ትወጃለሽ አሉ» አሏት።

«አልወድም። ይመጣብኛል እንጂ።»

«እንግዲያው ሲመጣብሽ ጠርሙስ ምቺ። ግን ስሚኝ፤ እዚህ ግቢ ውስጥ ሰው ከነካሽ፣ ጥፋቱ የማንም ይሁን የማን፣ ያንኑ ቀን ትወጫለሽ። ቃል ግቢልኝ።»

ገባችላቸው።

ጠርሙስ መስበር የሚወድ አልነበረም። የቢራው፣ የመድኃኒቱ፣ የሽቶው ጠርሙስ በየቀለሙ ይለያል፤ ታጥቦ ወረቀቱ ይላጣል፤ ከዚያ በጆንያ ተጠቅልሎ በመዶሻ ይደቃል። ስባሪው የብረት ሙቀጫ ውስጥ ገብቶ እንደ ዱቄት እስኪልም በዘነዘና ይወቀጣል። ብናኙ ሳንባ ይበላል፣ ፍንጣሪው ዓይን ይፈልጋል። ቦክሰኛዋ አፍና አፍንጫዋን በሻሽ ጠምጥማ፣ የበያጅ መነጽር አድርጋ ስትወቅጥ ግድግዳው ይንቀጠቀጣል። ክንዷ ላይ ጠባሳ ያልነካው ቦታ አልቀረም። «ዛሬ ደግሞ ማንን ነው የምትወቅጪው?» ይሏታል ዶቃ ሰኪዎቹ። «ተራሽ ሲደርስ እነግርሻለሁ» ትላለች። እንዲህ እየተሳሳቁ፣ ሰው ሳትነካ ኖረች። እትዬ እንግዳ ሲመጣ «ይቺን ሴት ከልጆቼ ለይቼ አላያትም» ይሉ ጀመር። ያን ጊዜ ቦክሰኛዋ የምትገባበት ይጠፋታል፤ በዕድሜዋ እንዲህ ያላት ሰው አልነበረማ።

ታናሽ እህቷ ሚጣ ደግሞ ሌላ ፍጥረት ናት። እናታቸው «አንዷን ከጥፍር፣ አንዷን ከጥጥ ሠራኋቸው» ትል ነበር። ሚጣ ያገባችው የጭነት መኪና ሹፌር ነው። ውጭ ሲያዩት ሳቂታ፣ ተጫዋች፣ ለሰው ደራሽ ነው። ቤቱ ሲገባ በሩን ይዘጋል። ሸሚዜ አልተተኮሰም ብሎ በቀበቶ፣ ከጎረቤት ጋር ሳቅሽ ብሎ በጫማ ይላታል። ልጁ በሆዷ መላወስ በጀመረ ሰሞን ረግጦ አስወረዳት። ያን ቀን ቦክሰኛዋ ዘነዘናዬን ይዤ ልድረስበት ብላ ልትወጣ ስትል ሐኪም ቤት አልጋ ላይ ሆና ቀሚሷን ጨምድዳ ያስቀረቻት ሚጣ ራሷ ናት።

«እታለም፣ አፈር ስሆን፣ ብትነኪው የሚገለው እኔን ነው» አለቻት።

ዘመድና ጎረቤቱም «በባልና ሚስት መሃል አይገባም» አለ። እኔ ግን እላለሁ፣ ሆድ ከተረገጠ በኋላ ምን መሃል ቀረና ነው?

ቦክሰኛዋ ሌላ መላ ብታጣ እትዬን ለምና እህቷን ዶቃው ቤት አስገባቻት። ሚጣ እቶኑ ላይ ተመደበች። የጠርሙሱ ዱቄት በሸክላ ቅርጽ ጉድጓዶች ውስጥ ይሞላል፤ መሃሉ ላይ ቀጭን ስንጥር ይተከላል። እቶን ውስጥ ዱቄቱ ቀልጦ ሲጋጠም ስንጥሩ ተቃጥሎ ቀዳዳውን ትቶ ይሄዳል። ዶቃው ሲወጣ ፍም ነው፤ ያኔ ማንም አይሳሳትም። አደጋው ኋላ ነው የሚመጣው። ቅላቱ ቶሎ ይጠፋና ሰማያዊው ሰማያዊ፣ አረንጓዴው አረንጓዴ ሆኖ ጭምት ብሎ ይቀመጣል፤ ውስጡ ግን ገና ሥጋ ይጠብሳል። እዚያ ቤት ጣቷ ያልተቃጠለ ሴት የለችም። ስለዚህ እቶን ጠባቂዋ «ቀዝቅዟል» ሳትል ማንም ትሪውን አይነካም፤ እሷ ካለች ግን ማንም ዳግመኛ አይጠይቅም፣ እጁን ይሰዳል። የተሳሳተች ጠባቂ በዚያው ቀን ትሰናበታለች። ሚጣ አንድም ቀን ተሳስታ አታውቅም። በገዛ ቤቷ ትንፍሽ የማትለው ሴት እዚህ ቃሏ ሕግ ሆነ።

አንድ ቀን ሹፌሩ የሚስቱን መሥሪያ ቤት ልይ ብሎ መጣ። ማንንም ሳይጠይቅ ከትሪው ላይ አንድ ቢጫ ዶቃ አነሳ፤ ጮኾ ጣለው። ሴቶቹ ሳቁ፤ እሱም ጣቱን እየላሰ አብሮ ሳቀ። ቤት ሲደርሱ የሚጣን መዳፍ የከሰል ምድጃው ላይ ተጭኖ ያዘው። «አሁን ሳቂ» አላት።

በማግስቱ እጇን በጨርቅ ጠቅልላ መጣች፤ ከዚያ ወዲያ ወደ ቤቷ አልተመለሰችም። ከእህቷ ጋር አንድ ፍራሽ ላይ ማደር ጀመረች። እትዬ ቦክሰኛዋን ለብቻዋ ጠሩና «መምጣቱ አይቀርም» አሏት። «ይቺ ልጅ መሄጃ ካጣች ተመልሳ እሱ ቤት ነው የምትገባው፤ ከገባች ደግሞ ሬሳዋን ነው የምናወጣው። እዚህ እስካለች እኔ አለሁላት። አንቺ ግን እጅሽን አታንሺ። ቃልሽ ቃል ነው።»

«እሺ እትዬ» አለች።

መጣ። በጠራራ ፀሐይ፣ የጎማ መፍቻ ብረቱን ይዞ። የዶቃ ሰኪዎቹን ጠረጴዛ በእግሩ ገለበጠው፤ ዶቃው በሲሚንቶው ላይ ተበተነ፤ ሴቶቹ እየተንሸራተቱ፣ እየተረጋገጡ ወደ ደጅ ወጡ። እትዬ እጁን ሊይዙ ቢሞክሩ ደረታቸውን መትቶ ጣላቸው። ተነሥተው ሰው ሊጠሩ ወጡ፤ እሱ ወደ እቶኑ ክፍል ገባ።

እህትማማቾቹ ትሪውን ገና ማውጣታቸው ነበር። ቅላቱ ጠፍቶ ዶቃው ጥርት ያለ ሰማያዊ ሆኗል። ቦክሰኛዋ ሚጣን ከኋላዋ አድርጋ ቆመች። በብረቱ ትከሻዋን አላት። ጉልበቷ ታጠፈ እንጂ አልወደቀችም። ደገመና ጎኗን ሲላት የሆነ ነገር ውስጧ ቀጭ አለ። ሁካታውን ስትሰማ ያነሳችው ዘነዘና በእጇ ነው፤ አንድ ጊዜ ብቻ ብትሰነዝረው የራስ ቅሉን እንደ ጠርሙስ ታደቀው ነበር። ጥርሷን ነክሳ ጥላው ቆመች።

«ምቺኝ እንጂ፤ ቦክሰኛ አይደለሽም?» አላትና ፊቷ ላይ ተፋባት።

አልመታችም። ይህን ያህል ከብዷት አያውቅም፤ ዕንባዋ በንዴት ይወርድ ነበር። እሱም አይቶ ሳቀና ሆዷን ረግጦ ጣላት። ሚጣን በጸጉሯ ስቦ ጭንቅላቷን ከግድግዳው ጋር አጋጨው፤ ደገመው፤ ከአፏ ደም መጣ። ከዚያ ዓይኑ ትሪው ላይ አረፈ።

«ይሄ ነው ያጠገበሽ» አላት። «አሁን አንድ በአንድ በጥርስሽ አስፈጭሻለሁ።»

ብረቱን ጥሎ ወደ ትሪው ሄደና ድንገት ቆም አለ። እባብ ያየ በልጥ በረየ ነው ነገሩ፤ ያቺ ቢጫ ዶቃ ትዝ አለችው።

«ቀዝቅዟል?» አላት።

ሚጣ ደሟን በእጇ ጠረገች። ሁልጊዜ ሲያናግራት እንደምታደርገው መሬት መሬት አየች። ለእሱ ዋሽታ አታውቅም፤ ፍርሃቱ አፍ መች ይሰጣታል?

«ቀዝቅዟል» አለች።

ቦክሰኛዋ ከወደቀችበት አፏን ከፈተች። መልሳ ዘጋችው።

ሹፌሩ ሁለት እጁን አግጥሞ ትሪው ውስጥ ሰደደና ያለ የሌለ ኃይሉን አስገብቶ ዘገነ። ክፍሉን የተቃጠለ ሥጋ ሽታ ሞላው። የሰው ድምፅ አይመስልም የጮኸው ጩኸት። ሊያራግፈው ቢሞክር ዶቃው መዳፉ ላይ ተጣብቋል፤ ሲወድቅም ቆዳውን ይዞ ነው የሚወድቀው። እጁን ደረቱ ላይ ሲጨብጥ ሸሚዙን በሳው። እየተሽከረከረ ከእቶኑ ጥግ ጋር ተላተመና በጉልበቱ ወደቀ። ሚጣ ቆማ አየችው። ከዚያ ጎንበስ ብላ የጎማ መፍቻውን አነሳችና በሁለት እጇ ከአናቱ በላይ ከፍ አደረገችው። ፊቷ ላይ ንዴት የለም፤ ምንም የለም። ቦክሰኛዋ በተሰበረ ጎኗ ተንፏቅቃ ደረሰችና ብረቱን ከእጇ ቀማቻት።

«በቃ። በቃ ሚጣዬ።»

ሕይወቷን ሙሉ ሰው ሲገላግላት የኖረች ሴት ያን ቀን ገላጋይ ሆነች። ግን ማን አየ? እትዬ ፖሊስና የሰፈር ሰው አስከትለው ሲገቡ ያዩት ሹፌሩን መሬት ላይ፣ ቦክሰኛዋን ደግሞ ብረት ይዛ በላዩ ቆማ ነው።

«ማነው እንዲህ ያደረገው?» አለ ፖሊሱ።

«እሷ ናት... እሷ...» አለ ሹፌሩ። የሚጠቁምበት ጣት አልነበረውም።

ሚጣ ልትናገር ወደ ፊት ራመድ አለች። ቦክሰኛዋ አወቀችባት። ከተናገረች ሰው ያቃጠለች ትባላለች፤ ባትታሰር እንኳ ዋሽታ «ቀዝቅዟል» ያለች ጠባቂ እዚህ ቤት ቦታ የላትም። ከዚህ ከወጣች ደግሞ መሄጃዋ ያው ነው።

«እኔ ነኝ» አለች ቦክሰኛዋ። «እጁን ይዤ ትሪው ላይ የጫንኩት እኔ ነኝ።» ወደ ሹፌሩ ዞረች። «ንገራቸው እንጂ። ማን እንደሆነ ንገራቸው።»

ሹፌሩ ቀና ብሎ በሩን ሞልተው የሚያዩትን ወንዶች አየ፤ አብረውት የሚነዱ ጓደኞቹም ነበሩ። ስትርበተበትለት የኖረችው ሚስቱ እንደ ሕፃን አታለለችው ከሚባል፣ ሰፈሩ ሁሉ የሚፈራት ሴት ጣለችው ቢባል ይሻለዋል። በዚህ ሕመም ውስጥ ሆኖም ይህን አሰበ፤ አይ ወንድነት።

«ቦክሰኛዋ ናት» አለ።

«እታለም...» አለች ሚጣ።

«ዝም በይ። ፊትሽን ታጠቢ፤ ደም ነክቶሻል።»

እትዬ ወደ ቦክሰኛዋ ቀረቡ። ድምፃቸው ያን ቀንም ከፍ አላለም።

«ቃልሽን በላሽ» አሏት።

«በላሁት እትዬ።»

«አምኜሽ ነበር።»

ቦክሰኛዋ ጎኗን ደግፋ ቆመች። አንድ ቃል ብትተነፍስ የእትዬ ፊት ይመለስላት ነበር፤ ያ ፊት ደግሞ ከብረቱ በላይ እየመታት ነው።

«ሚጣስ?» አለች።

«ሚጣ ምን አደረገች? የትም አትሄድም» አሉ እትዬ። «አንቺ ግን ከዓይኔ ጥፊልኝ።»

ፖሊሱ ያበጠ ክንዷን ሲይዝ ውይ እንኳ አላለችም። በሩ ላይ ስትደርስ አንድ ጊዜ ዞር አለች። እትዬ መሬት ተቀምጠው ሚጣን ደረታቸው ላይ አስጠግተዋታል፤ ሚጣ አፏን በገዛ እጇ አፍና ትንሰፈሰፋለች። ቦክሰኛዋ ይህን አየችና ከፖሊሱ ቀድማ ወጣች።