የቀትሩ ልጅ

ፀሐይ ሲበረታ የቆርቆሮ ጣሪያ ብቻውን ይንጣጣል። አንድ ጥግ ላይ ጣ ይልና ዝም ይላል፣ ከዚያ ሰው ከላይ ሆኖ የሚራመድ ይመስል ወዲያኛው ጥግ ላይ ይደግማል። አሁን በምኖርበት በደብረ ብርሃን ብርድ ይህን ድምፅ ረስቼው ነበር፤ ባለፈው ሚያዝያ ግን እናቴን ልጠይቅ ሸዋ ሮቢት ወርጄ፣ ከምሳ በኋላ አልጋዋ ላይ ጋደም ብዬ ሳለ ጣሪያው ሲንጣጣ ብሰማ፣ አሥራ ስድስት ዓመት የሞላኝ ዓመት ከነወበቁ ከነፍርሃቱ ተመልሶ መጣብኝ።

ቤታችን ከከተማው ጠርዝ ላይ ነበር። ከጓሯችን አጥር ወዲያ የመስኖ ቦይ፣ ከቦዩ ወዲያ የአንድ ባለሀብት ሰፊ የማሽላ ማሳ ይታይ ነበር። አባቴ ሽንኩርትና ማሾ የሚሉትን ደቃቅ አረንጓዴ ጥራጥሬ እያመረተ ያሳድገን ነበርና በማለዳ ሠርቶ፣ ቀትር ላይ ገብቶ አርፎ፣ ጀንበር ስታዘቀዝቅ ተመልሶ ይወጣ ነበር። በቀትር ከተማው ሁሉ ጭር ይላል። ባለሱቆቹ በራቸውን ገርበብ አድርገው፣ የባጃጅ ሾፌሮቹ ከኒም ዛፍ ሥር እግራቸውን ወደ ውጭ አንጠልጥለው ይተኙ ነበር፤ መንገዱ ላይ ከአቧራ በቀር የሚንቀሳቀስ ነገር አይታይም። ከእኛ ጋር ይኖሩ የነበሩት የአባቴ ታላቅ እህት፣ እትዬ ዘነበች፣ «ቀትር የሰው አይደለም» ይሉ ነበር። በቀትር ውሃ ዳር እንዳልወርድ፣ በስሜ የሚጠራኝን ሰው ፊቱን ሳላይ አቤት እንዳልል፣ ፉጨት ብሰማ ዘወር እንዳልል አስጠንቅቀውኝ፣ በእሳቸው ልጅነት አንዲት ኮረዳ ከወንዝ ዳር አንድ መልከ መልካም ጎረምሳ አነጋግሯት፣ ከዚያ ቀን ወዲህ እህል ሳትቀምስ እየሳቀች እንደሞተች ነግረውኝ ነበር። ከሞቷ ይልቅ ያ ሳቋ ነበር ሌሊት የሚያባንነኝ።

እኔም አጥብቄ የማምን ልጅ ነበርኩ። በሰንበት ትምህርት ቤት ከመዘምራኑ ፊት ተሰልፌ እዘምር፣ የፍልሰታን ጾም ከአዋቂዎቹ እኩል እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳልቀምስ እጾም ነበር፤ እናቴ በጨዋታ «አንቺስ ገዳም ነው የምትገቢው» ስትለኝ፣ እኔ ጨዋታ አልነበረም የሚመስለኝ። በዚያ ክረምት ማታ ማታ ዓይኔን ጨፍኜ ስጸልይ አንድ ሰው ከፊቴ ቆሞ በዝምታ የሚያዳምጠኝ ይመስለኝ ነበር፣ ዓይኔን ብገልጥ እንደማጣው ስለማውቅም ሳልገልጥ እተኛ ነበር።

መስከረም ጠብቶ ማሽላው ሲያፈራ ፉጨቱ ጀመረ። የግሪሳ ወፍ ጠባቂዎች ጠዋትና ማታ ከማማ ላይ ሆነው ጅራፍ ሲያጮሁ፣ ሲያፏጩ መስማት የለመድነው ነው፤ በቀትር ግን ወፉም ጥላ ፈልጎ ስለሚያርፍ ጠባቂውም ይተኛል። ይኸኛው ፉጨት በቀትር ነበር የሚመጣው፣ ቀጭን፣ ረጅም፣ ማንንም እንደማይጠራ ሁሉ ቀስ ብሎ የሚጠፋ። አልጋዬ ላይ ሆኜ እየሰማሁ አማትብ ነበር። የጽጌን ጾም ማንም ሳያዘኝ ይዤ ስለነበር ባዶ ሆዴን ስለምውል፣ ከረሃቡ ነው እያልኩ ራሴን አጽናና ነበር።

አንድ ቀን የቧንቧው ውሃ ጠፍቶ፣ ማታ ለመዝሙር የምለብሰው ነጭ ቀሚሴ ሳይታጠብ ቀረ። ሁሉም በተኙበት ነጭ ነጠላዬን ተከናንቤ፣ ጄሪካኔን ይዤ ወደ ቦዩ ወረድኩ። ውሃው ላይ ጎንበስ ብዬ ቀና ስል፣ ከወዲያ ማዶ፣ ከማሽላው አፍ ላይ አንድ ልጅ ቆሞ ያየኛል። ከየት እንደመጣ አላየሁም፣ ቅጠሉ ሲንኮሻኮሽም አልሰማሁም። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ ግን የለውም። እትዬ ዘነበች የቀትሩ ጋኔን ተረከዙ ወደ ፊት ነው ብለው ስለነበር እግሩን ፈለግሁ፤ እግሩ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ጭቃ ውስጥ ነበር።

«ሰው ከሆንክ በስመ አብ በል» አልኩት።

«አልልም» አለኝ።

ጄሪካኑ ከእጄ ወደቀ። አማተብኩበት።

«እስላም ነኝ፣ እንዴት አድርጌ እላለሁ?» አለና እጁን ወደ ደረቱ ወስዶ በረጅሙ ተነፈሰ። «አንቺ ነሽ እንጂ ነፍሴን ያወጣሻት! በዚህ ሰዓት ነጭ ለብሰሽ ከውሃ ዳር ስትቆሚ ጅን መስለሽኝ ቁርኣን ስቀራብሽ ነበር። ወላሂ፣ አልጠፋ ስትይ ጊዜ ነው የባሰ የፈራሁት።»

ስሙ እንድሪስ ነበር። ከካራቆሬ በላይ ካለ የተራራ መንደር ከአጎቱ ጋር ወርዶ፣ ማሽላው እስኪታጨድ ወፍ ሊጠብቅ የተቀጠረ፣ ከእኔ በአንድ ዓመት ቢበልጥ ነው። አጎቱ በቀትር ስለሚተኛ፣ እሱ ደግሞ የቆላው ዝምታ ስለሚያስፈራው፣ ራሱን ለማጫወት ነበር የሚያፏጨው። ይህን ስሰማ መፍራቴን ማቆም ነበረብኝ፤ እኔ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ፉጨቱን ስሰማ ደረቴ ውስጥ የሚመታው ነገር ፍርሃት ይሁን ሌላ መለየት አቃተኝ።

ጥቅምትን እንዲህ አሳለፍነው። ጣሪያው መንጣጣት ሲጀምር እነሣና፣ እትዬ ዘነበች ማንኮራፋታቸውን አረጋግጬ፣ በአጥሩ ሽንቁር ወጥቼ እወርድ ነበር። እሱ ወዲያ ማዶ፣ እኔ ወዲህ ማዶ ተቀምጠን ውሃው በመካከላችን ሲያልፍ እናወራ ነበር። ከእኔ በቀር ያየው ሰው አልነበረም፤ የሚያውቀውም ያለ አይመስለኝም ነበር፣ ምሽት ላይ ከአባቴ ጋር ወደ ማሳ ስንሄድ ማማው ላይ የሚታየኝ አጎቱ ብቻ ነበርና። አንዳንዴ ስመለስ መንገድ ላይ ቆሜ፣ በእውነት ያነጋገርኩት ሰው ነው ወይ እያልኩ እጄን አሸት ነበር።

አንድ ቀን ቦዩን ተሻግሮ መጥቶ ጥንቅሽ ልጦ ሰጠኝ። ገና ዘጠኝ ሰዓት አልሆነም።

«ጾም አይደለሽ?» አለኝ፣ እጁን እንደዘረጋ።

ተቀብዬው መጠጥኩት። የዚያ አገዳ ጣዕም እስከ ዛሬ ምላሴ ላይ አለ፤ ከዚያ በፊት ምንም ነገር ጣፍጦኝ የማያውቅ መሰለኝ። ሰማዩ አልተሰነጠቀም፣ ማሽላው አልተንቀሳቀሰም፣ ውሃውም እንደ ወትሮው ወረደ። ልቤ ውስጥ ግን አንድ ነገር በጸጥታ ከቦታው ሲነሣ ተሰማኝ።

«ያንተ እናት ስለ ቀትር ምን ይላሉ?» አልኩት።

«ያው እንደ አክስትሽ ናት። ቢስሚላህ ሳልል ውሃ ዳር እንዳልቀርብ ትለኛለች። ጅኑ ቆንጆ ሴት መስሎ ነው የሚመጣ ትላለች።»

ይቺ ንግግሩ አላስተኛ አለችኝ። የእሱ እናት በተራራው፣ የእኔ አክስት በቆላው፣ በዚያው ሰዓት ያንኑ ይፈሩ ነበር። እኔ አማትቤበት አልጠፋም፣ እሱ ቁርኣን ቀርቶብኝ አልጠፋሁም። መዝሙር ልምምድ ላይ አፌ ይዘምራል፣ ሐሳቤ ግን ከቦዩ ማዶ ነበር፤ ማታ ዓይኔን ጨፍኜ ስጸልይም ፊት ለፊቴ ቆሞ የሚያዳምጠኝ የነበረው ዝም ያለ ሰው መጥፋቱን አወቅሁ። ቦታው ባዶ ነበር። ቢጨንቀኝ የንስሐ አባታችንን ከቅዳሴ በኋላ ጠብቄ፣ «አባ፣ ደግ ሆኖ ግን በእኛ መንገድ ያልሄደ ሰው መጨረሻው የት ነው?» አልኳቸው። መልካም ሰው ነበሩ፤ «ልጄ፣ ይህ ጥያቄ ያንቺ አይደለም። ማን እንዳስጠየቀሽ መርምሪ» ብለው በመስቀላቸው ባርከውኝ ሄዱ። ማን እንዳስጠየቀኝ! በዚያ ቀትር ጣሪያው ሲንጣጣ ተሸፋፍኜ ተኛሁ።

ኅዳር ገብቶ አጨዳው ሲቃረብ ግን ቻል ማድረግ አቃተኝ። ፉጨቱን ሰምቼ ስወርድ በቦዩ ዳር ማንም የለም። ፉጨቱ ከማሽላው ውስጥ ነው የሚመጣው። «እንድሪስ!» ብዬ ተጣራሁና፣ ቦዩን ተሻግሬ ገባሁ። አገዳው ከራሴ በላይ ስለሆነ ሰማዩ ጠበበ፣ ነፋስ የለም፣ ቅጠሉ ግን ከጎኔ ሰው እንደሚሄድ ይንኮሻኮሻል። ፉጨቱ አሁን ከፊቴ፣ ስከተለው ከግራዬ፣ ዞር ስል ከኋላዬ ይሆናል። በመጨረሻ ማማው ሥር ደረስኩ፣ ባዶውን ነበር። ፉጨቱ ያን ጊዜ ከማማው ላይ፣ ከባዶው፣ ቁልቁል መጣ። ሰውነቴን ብርድ ወረረው፣ በዚያ ነበልባል መሐል ጥርሴ ተንገጫገጨ፣ ከዚያ በኋላ የማስታውሰው የለኝም። በኋላ እንደሰማሁት፣ አጎትየው በዚያ ቀን ጀውሃ ገበያ ሄዶ ኖሯል። ያፏጨው ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ትኩሳት ጆሮ ውስጥ ያፏጫል ይላሉ።

አመሻሹ ላይ ያገኘኝ አባቴ ነበር። ጤና ጣቢያ ደሜን መርምረው ወባ ነው ብለው መድኃኒት ሰጡኝ፤ እኔ ግን በትኩሳቱ ውስጥ ሆኜ «የማሽላው ልጅ» እያልኩ ስቃዥ እትዬ ዘነበች ሰምተው ኖሮ፣ «ወባም ቢሆን ሰበብ አድርጎ ነው የሚገባው» አሉ። ከደብረ ሲና በላይ፣ ጉም ከማይለየው ገደል ሥር ወዳለ ጸበል እናቴና እሳቸው ይዘውኝ ወጡ። እናቴ ቤቱን ልታይ ቶሎ ተመለሰች፣ እትዬ ዘነበች አብረውኝ ቀሩ።

ከቆላ ለወጣ ገላ ያ ውሃ ቢላ ነበር። ጉሙ ውስጥ ሰው አይታይም፣ ጩኸቱ ብቻ ከየአቅጣጫው ይመጣል፣ ሴቶች በወንድ ድምፅ ይሳደባሉ፣ አንዷ ደግሞ ከአጠገቤ ያለማቋረጥ ትስቅ ነበር። ያ ሳቅ የኮረዳዋ መስሎኝ ጆሮዬን ያዝኩ። አጥማቂው መስቀሉን ግንባሬ ላይ አሳርፎ፣ «ከየት ያዝካት?» አለ።

«ከማሽላው» የሚል ድምፅ ሰማሁ። የራሴ ድምፅ ነበር፣ እኔ ግን አልላክሁትም።

«ስምህን ተናገር!»

ስሙ ምላሴ ጫፍ ላይ ደረሰ። ብናገር እፎይ የምል መሰለኝ፤ ግን ስሙን ቢሰሙ ዱላ ይዘው የሚነሡት የአባቴ ወንድሞች ፊት ታየኝ፣ ከማማው ሥር አገር የሌለው፣ ከአንድ አጎቱ በቀር ሰው የሌለው ልጅ ታየኝ። ጥርሴን ነከስኩ። ውሃው ወረደብኝ፣ ስምህን አለ፣ ደጋገመው፣ ዝም አልኩ። «ዱዳ መንፈስ ነው» አለ አጥማቂው በመጨረሻ፣ እትዬ ዘነበችም እልል አሉ። በተቀደሰ ውሃ ሥር ቆሜ፣ የምወደውን ሰው ጋኔን ነው ሲሉት አላስተባበልኩም፤ በልቤም፣ ካለህ እውነቱን አንተ ታውቃለህ አልኩ። «ካለህ» ያልኩት ያን ቀን ነው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ።

ጥቂት ቀን ነው የተባለው ጸበል ከቤት «አሁንም ትቆይ» የሚል መልእክት እየመጣ እስከ ገና ዘለቀ። ስመለስ ማሽላው ታጭዶ፣ ማማው ፈርሶ፣ ቦዩ ደርቆ ነበር። የሰንበት ትምህርት ቤት ጓደኞቼ ከጎኔ ለመቀመጥ እየፈሩ፣ ግን በሹክሹክታ «ምን ይመስል ነበር?» ይሉኝ ነበር። ምን ይመስል እንደነበር ራሴን ብጠይቅ ፊቱ አልመጣልኝ አለ፤ ጭቃ ውስጥ የገባ እግሩና የሚንቀሳቀስ ከንፈሩ ብቻ ነበር የቀረኝ። አየሁት የሚል ሰው አልነበረም፣ ልጠይቀው የምችል ሰውም አልነበረም። በበልጉ ዝናብ፣ ማሾው ሲዘራ፣ እነሱ ልክ ሳይሆኑ አልቀሩም ብዬ ማሰብ ጀመርኩ፤ ዓመት አልፎ ዓመት ሲተካ፣ ኮሌጅ ገብቼ፣ ሥራ ይዤ፣ ልጅ ወልጄም እንኳ በቀትር ብቻዬን ስሆን፣ ያኔ ጥንቅሽ ያጎረሰኝ ማን ነበር እያልኩ ገላዬን ይሰቀጥጠኝ ነበር።

ባለፈው ሚያዝያ፣ ጣሪያው ሲንጣጣ፣ እናቴ ከአልጋው ግርጌ ተቀምጣ ማሾ ትለቅም ነበር። እትዬ ዘነበች ካረፉ ቆይተዋል። እናቴ ቀና ሳትል፣ «ያ ልጅ መጥቶ ነበር እኮ» አለችኝ።

«የቱ ልጅ?»

«የማሽላው። ጸበል ላይ ሳለሽ ነው። በሩ ላይ ቆሞ፣ ጥንቅሽ ታቅፎ፣ ‹እትዬ፣ ልጅዎ ታማለች ሲሉ ሰምቼ ነው፣ ተሻላት ወይ?› አለኝ። አንገቱን ደፍቶ ነበር። ጨዋ ልጅ ነበር።»

ተነሥቼ ተቀመጥኩ። «ምን አልሽው?»

እጇ ማሾው ላይ ቆመ። «ሞታለች አልኩት።»

ጣሪያው ጣ አለ።

«ጥንቅሹን መሬት ላይ አስቀምጦ እያለቀሰ ሄደ» አለች። «እኔም ያን ዕለት ነው ትቆይ ብዬ የላክሁት። ምን ላድርግ ልጄ? ከጋኔን ጸበል ያድናል፣ ከሰው ግን ምን ያድናል?»

ልቆጣት ፈልጌ ነበር። የወጣው ግን እንባ ነበር፣ ያውም የእፎይታ፤ ለካ ነበረ። ሰው ነበረ። እናቴም አብራኝ አለቀሰች፣ ይቅር በይኝ አላለችኝም፣ እኔም አልጠየቅኋት።

አሁን ሸዋ ሮቢት በቀትር አይተኛም። ከጓሯችን ወዲያ ቤት ተሠርቶ፣ ሙዚቃው፣ የባጃጁ ጥሩምባ ያለማቋረጥ ይሰማል፣ ልጆች በዚያ ሰዓት እየተሯሯጡ ስማቸው ሲጠራ ከሩቅ አቤት ይላሉ። እኔም እንደ ያኔው አልጾምም፣ ቤተ ክርስቲያን ግን እሄዳለሁ፣ ከቅጽሩ ዛፍ ሥር ቆሜ አስቀድሳለሁ፣ ጥያቄዬን ይዤ ገብቼ ይዤው እወጣለሁ። እንድሪስን አልፈለግሁትም፤ ትዳር ይዞ፣ ልጆች አፍርቶ ይሆናል፣ ከሙታን ተነሥቼ በደጁ ብቆም ምን እንደሚሆን አላውቅም። ብቻ ከካራቆሬ በላይ ባለ አንድ መንደር፣ እኔን ድሮ የሞተች የቆላ ልጅ አድርጎ የሚያስብ ሰው አለ፣ ስሜ ትዝ ሲለውም «አላህ ይዘንላት» ይል ይሆናል። አንዳንድ ማታ ጸሎቴን ጀምሬ ሳቋርጥ፣ እኔ በሕይወት ላለችው ለራሴ ከምለምነው ይልቅ እሱ ለሞተችው የሚለምነው ሳይሰማ አይቀርም እላለሁ።