መሬቱንስ ማን ያርስለታል?

ከወልድያ የተነሳሁት ለሽርሽር አልነበረም። ከመርሳ ገበያ የመጣ ሰው የእህቴን የአስካለን ልጅ ንዳድ እንደያዘው ነገረኝ። «የሚደርስላት የለም» አለኝ። የጋራዡን ሥራ ለባልደረባዬ ጥዬ መናኸሪያ ገባሁ።

አውቶቡሱ ካልሞላ አይሄድም። ሹፌሩ ሻዩን ፉት ይላል፣ እኔ ቁጭ ብድግ እላለሁ። «የኔ ልጅ፣ ወንበሩ እሾህ አለው እንዴ?» ብለው አንዲት ሽንኩርት የጫኑ እናት ቀለዱብኝ። የምስቅበት ጥርስ አልነበረኝም።

መርሳ

ክሊኒኩ ተዘግቷል። ዘበኛው ደጃፉ ላይ ሙዝ ይልጣሉ።

«ጤና ረዳቱ ስብሰባ ሄዷል» አሉኝ። «ደግሞ የእህትህ ቀበሌ የራሱ የጤና ወኪል አለው አይደል? አያ ሞላ! ገበሬ ማኅበሩ መርጦ አሠልጥኖታል፤ የንዳዱም ክኒን እሱ ዘንድ ነው።»

ኧረ ጉድ! ታዲያ አስካለ ከደጇ ያለውን ሰው ትታ የሚደርስልኝ የለም ማለቷ ምን ነክቷት ነው? እየተናደድኩ ሱሪዬን ሰብስቤ ወንዙን ተሻገርኩ። የበልጉ ዝናብ ጥሎ ስለነበር ጭቃው ጫማዬን ይዞ አልለቅ አለኝ።

አስካለ ቤት

ልጁ እንደ እሳት ይፋጃል። «አያ ሞላን ጠርተሻል?» አልኳት።

«በምን ዓይኔ?» አለች እያለቀሰች። ለካ አያ ሞላ ሲመረጡ ማኅበርተኛው «አንቱ በሽተኛ ያክሙ፣ መሬትዎን እኛ እናርሳለን» ብሎ ቃል ገብቶላቸው ነበር። በልጉ ሲጥል ሁሉም ወደየማሳው ሮጠ። ባሏ ታደሰም የእሳቸውን መሬት የማረስ ተራው ደርሶ ቀርቷል። «እኛ ቀርተንባቸው ይምጡልን እንዴት እላለሁ?»

«ይሉኝታሽ ልጁን ይቅበረው?» ብዬ ጮህኩባትና ወጣሁ።

አያ ሞላን በሬ ጠምደው አገኘኋቸው። ነገሩን ስነግራቸው ደነገጡ። «ምነው ሳትጠራኝ ቀረች?» አሉና በሬዎቹን አዩ፣ ሰማዩን አዩ። «በሬዎቹ የሰው ናቸው፤ ለዛሬ ብቻ ነው የሰጡኝ።»

«እርፉን ወዲህ ይበሉ!»

«አርሰህ ታውቃለህ?»

«መኪና ፈትቼ እገጥማለሁ።»

«በሬ ፍሬን የለውም፣ ወንድሜ» አሉና ወደ ቤታቸው፣ ክኒናቸውን ሊያመጡ ሮጡ።

ትልሜ እንደ እባብ ተጣመመ። ማዶ የሚያርሱት ሳቁብኝ። ኋላ ግን የማን ማሳ እንደሆነ ሲያስተውሉ ሳቃቸው ቆመ። ታደሰ ወሬው ደርሶት እየሮጠ መጣ። የሚስቱ ወንድም፣ የከተማ ሰው፣ የእሱን ተራ ሲያርስ! ቀና ብሎ ሊያየኝ አልቻለም። «አምጣው» ብሎ እርፉን ተቀበለኝ። ጥቂት ቆይቶ ከማዶ ሌላ ጥማድ ወደኛ ተነዳ።

በማግስቱ ልጁ አልቦት ወተት አምጡ አለ። እኔም እንደ ልጅ አለቀስኩ። አያ ሞላ ሲሸኙኝ «ልጅ ሲታመም ቶሎ ና፣ እርሻዬን ግን ተወው፤ ያረስከውን ታደሰ እንደገና እያረሰው ነው» ብለው አሳቁኝ።

ወልድያ

ጋራዥ ስገባ መዳፌ ውሃ ቋጥሮ ቁልፍ መጨበጥ አልቻልኩም። ሬዲዮው ለየቀበሌው የጤና ወኪል መሠልጠኑን ያበሥራል።

«መሬቱንስ ማን ያርስለታል?» ብዬ ጮህኩበት።