የፀዳለ ሁለት ነጭ ቢራቢሮዎች

ፀዳለ በደርግ ዘመን ልደታ ሰፈር ሳይንስ ታስተምር የነበረች፣ ስትናደድ እንኳ ድምጿ ከፍ የማይል ሴት ነበረች። ለአንዲት ጠባብ ክፍል ስትል ግን ከማንም ጋር ለመሟገት ቆርጣ ተነሣች። ክፍሏ የተማሪዎቿ የተፈጥሮ ክበብ ነበረች፤ ርዕሰ መምህሩ ጋሼ ሀብተ ማርያም ግን ዕቃ ቤት ሊያደርጓት አስበዋል።

«ለትምህርት ቤቱ ኤግዚቢሽን የሚሆን ነገር ካቀረባችሁ ክፍሉ የእናንተ ነው፤ ካላቀረባችሁ ቁልፉን ታስረክቢያለሽ» አሏት።

ፀዳለ ሁለት ዓይነት ነጭ ቢራቢሮዎችን ካርቶን ላይ ጎን ለጎን ለጥፋ ወሰደችላቸው። የቅርብ ዘመዳሞች ናቸው፤ ትሎቻቸውም ያንኑ ጉመሮ የሚባል እሾሃማ ቁጥቋጦ ቅጠል በልተው ያድጋሉ።

ጋሼ ሀብተ ማርያም መነጽራቸውን አወለቁ፤ መልሰው አደረጉ። «አንዱን ቢራቢሮ ሁለቴ ለጠፍሽው እንዴ?»

«ይለያያሉ ጋሼ።»

«በምን? ሁለቱም ነጭ፣ የሁለቱም ጠርዝ ጥቁር። ወይስ ቀበሌያቸው ይለያያል?»

ጸሐፊያቸው ድንቅነሽ አፏን በእጇ ይዛ ሳቀች።

የፀዳለ ፊት ቀላ። ልዩነቱ ጎልቶ የሚታየው በክንፋቸው የታች ገጽ ላይ ነበር፤ እሷ ግን ሆዳቸውን ካርቶኑ ላይ ደፍታዋለች። ዓመት በዓመት የአብዮት በዓል ፖስተር ሲለጥፍ የኖረ እጇ፣ ቢራቢሮዎቹንም እንደ ፖስተር ሙጫ ቀብቶ አጣብቋቸው አረፈ። በእንፋሎት ልታላቅቃቸው ብትሞክር ክንፋቸው እንደ አመድ ተበተነ።

ቅዳሜ ከአጎበር ቁራጭ የሰፋችውን መረብ ይዛ ከሰፈሩ በታች ወዳለው ወንዝ ዳር ወረደች። የጉመሮው እሾህ ነጠላዋን ቀደደው፤ ክንዷን ቧጨረው። ጠመንጃ ያነገተ የአብዮት ጥበቃ መጥቶ አጠገቧ ቆመ።

«ማንን ነው የምትጠብቂው?»

«ቢራቢሮ።»

«ሴትዮ፣ ከኔ ጋር ትቀልጃለሽ?»

«አልቀልድም። ጥላህን ከጉመሮው ላይ አንሣልኝ፤ ፀሐይ ከሌለ አይመጡም።»

ሰውየው ግራ ተጋብቶ ፈቀቅ አለ።

ሰኞ አዲስ የያዘቻቸውን ቢራቢሮዎች ካርቶን ላይ ለጥፋ ቢሮ ገባች። አሁን ቢራቢሮዎቹ ተገልብጠዋል፤ የአንዷን የኋላ ክንፍ ወፋፍራም ቡናማ መስመሮች እንደ መረብ ሸፍነውታል፤ የሌላዋ ቢጫ ነው፣ መስመሮቹም ሳስተዋል።

ጋሼ ሀብተ ማርያም ጎንበስ ብለው ቆዩ። «አሁንስ ሁለት ናቸው። ግን ተገልብጠው ምን ያምራሉ?»

«አያምሩም። ግን ይለያሉ።»

«እሺ፣ ኤግዚቢሽኑ ላይ ይቅረቡ። ክፍሉንም እስከ ሰኔ ያዙት።»

«እስከ ሰኔ አላሉም ጋሼ» አለች ፀዳለ፣ ድምጿን ሳታነሣ፣ ከቆመችበትም ሳትነቃነቅ። «‹የእናንተ ነው› ነው ያሉት።»

ድንቅነሽ መተየቡን አቆመች። ጋሼ ሀብተ ማርያም ፀዳለን ቀና ብለው አዩዋት፤ ከዚያ ወደ ካርቶኑ ተመለሱ።

«ብያለሁ» አሉ። «ቁልፉ ካንቺ ጋር ይሁን።»